የካፕታንጋ ጨርቅ

ዛይረሚ ጠዋት ጠዋት የምታደርገው ነገር አይለወጥም። የሩዙን ድስት ታጥባ ትደፋለች፣ በቋሚ እንጨት ላይ ከፍ ብሎ ከተሠራው ቤት ሥር ላሉት አሳማዎች የተረፈውን ትጥላለች፣ እጇን በደንብ ታደርቅና መሀል ቤት ካለው ምሰሶ ፊት ለፊት እግሯን ዘርግታ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። የሚዞ ሕዝብ በሚኖርባቸው ኮረብታዎች ሽመና የሴት ሥራ ነው፤ ዕቃውም ጉድጓድ አይቆፈርለትም፣ በእግርም አይረገጥም። የድሩ አንዱ ጫፍ ከምሰሶው ይታሰራል፣ ሌላው በቆዳ ቀበቶ ከሸማኔዋ ወገብ ጋር፤ ወደ ኋላ ለጠጥ ስትል ድሩ ይወጠራል፣ ወደ ፊት ስታጎነብስ ይረግባል። የምትሸምን ሴት ከጨርቋ ጋር አብራ የታሰረች ስለሆነች ድሩ ላይ ዝንብ ብታርፍ እንኳ በወገቧ ታውቀዋለች። ዛይረሚ ሥራውን ከእናቷ ነው የተማረችው፣ እጇም ፈጣን ነው፤ እንደ እሷ ያለች ሴት አንድ ጨርቅ ይዛ ክረምቱን ሙሉ የምትጉላላበት ምክንያት አልነበረም።

ጨርቁ ፑዋንዱም ይባላል። መደቡ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ይወርዱበታል። የሚዞ ልጅ ስታገባ ሌላው ዕቃ ቢጎድል ይጎድላል እንጂ ይህ ጨርቅ አይጎድልም፤ ባሏ የሞተ ቀን ሬሳው የሚሸፈነው ሚስቱ ይዛው በመጣችው ፑዋንዱም ነው። ዛይረሚም የራሷን ከሠርጓ ብዙ ቀደም ብላ ሠርታ አስቀምጣ ነበር። ግን አባቷ በድንገት ሞተ። እናቷ በሙሽርነቷ ያመጣችው ጨርቅ ደግሞ ድሮ ቤታቸው የተቃጠለ ጊዜ አብሮ ተቃጥሏል። ሰውየውን ባዶውን አይቀብሩት ነገር፣ የልጅቱ ጨርቅ ከአባቷ ጋር አፈር ገባ። የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ስለነበር ዛይረሚ ባሏ ካፕታንጋ ቤት የገባችው ባዶ እጇን ነው።

አማቷ ፒ ዳሪ ይህን አልረሱላትም። በዚያ አገር ትልቅ ሴት ስትከበር «ፒ» ትባላለች፣ ትልቅ ወንድ ደግሞ «ፑ»፤ ዛይረሚም አማቷን ታከብራለች፣ ግን አንዳንድ ቀን ማክበሩ ጥርስ ያስነክሳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፒ ዳሪ ሻዩን እየቀዱ ምራታቸውን ያመሰግናሉ፤ ሥራ ወዳድ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን አትቀርም፣ ድምፅዋም ለመዝሙር ነው የተፈጠረው ይሉና ትንሽ ቆይተው፣ ጨርቅ ብቻ የላትም ይላሉ። ያቺን «ብቻ» ሲሏት ዛይረሚ አንገቷን ትደፋለች። ጨርቁን የጀመረችው ያቺን ቃል ከዚያ ቤት ለማስወጣት ነው፤ እሱን ጨርሳ ሳጥኑ ውስጥ ካላስቀመጠች ዕድሜ ልኳን እንግዳ ሆና እንደምትኖር ታውቀዋለች።

ካፕታንጋ ግን ይስቅባት ነበር። የመንገድ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ሲመጣ እያፏጨ ነው ዳገቱን የሚወጣው፣ የቤቱ ወለል ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተሠራ ስለሆነ ደግሞ ገና ደጃፉን ሲረግጥ ሲር ሲር እያለ መምጣቱን ለቤቱ ሁሉ ያወራል። ምን አስቸኮለሽ ይላታል፣ ትከሻዋ ላይ አገጩን አሳርፎ ጨርቁን እያየ። «ይኼ ካላለቀ መሞት አይፈቀድልኝም። ጎትቺው እንጂ፣ እርጅናዬን ልይበት።» እንደተጋቡ የሠራችለትን የትከሻ ቦርሳም በክፉ ዓይን እንድታየው አልፈቀደም። በቀዩ ጥለት መሀል አንድ ነጭ ክር ዘልላ መስመሩ ተሰብሮባት ልትተረትረው ስትል ነጥቋት አንገቱ ላይ አጠለቀና ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ያለዚያ ቦርሳ ሥራ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ዝናቡ ገባ፣ ከመንደሩ በታች ያለው ተራራም በመንገዱ ላይ ተናደ፤ በሠራተኞቹ ላይ። ድምፁ መንደር ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ ከባድ ነገር በሩቅ ዞር ብሎ የተኛ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ወረደ፣ የካፕታንጋም ስም ከጠፉት ጋር ተጠራ፣ ዛይረሚም ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። በማግስቱ ወደ ማታ ላይ፣ ጉሙ ቤቶቹን ሲሸፍን፣ ካፕታንጋ ብቻውን ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ከራሱ እስከ እግሩ ቀይ ጭቃ ነበር፣ ቦርሳውም አልነበረም፤ ሲጠይቁት ሌላ ቦታ ነበርኩ፣ ቦርሳው ጠፋብኝ አለ። ዛይረሚ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ፒ ዳሪ ግን ደጃፉ ላይ እንደቆሙ አዩት፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ብዙ አዩት፣ ሳይነኩትም ወደ ጓዳ ገቡ። ዛይረሚ በዚህ ነገር እርር አለች፤ የምን እናት ናት ልጇ ከሞት አፍ ሲመለስ ጀርባዋን የምትሰጥ?

ጭቃውን በሳሙና አጠበችው። ውኃው መቅላቱን እስኪተው ድረስ አጠበችው፣ ልብሱንም ቀቀለች፣ ሽታው ግን አልለቅ አለ። መጥፎ ሽታ አልነበረም፤ ሰው ጉድጓድ ሲቆፍር ከላዩ ካለው አፈር በታች የሚወጣው፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የቀዝቃዛ ሸክላ ሽታ ነው፤ ከአልጋው ወደ ትራሱ፣ ከትራሱ ወደ ፀጉሯ ሄደ። መንገዱ ስለተዘጋ ካፕታንጋ ሥራ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል። አያፏጭም። ደንግጦ ነው፣ ይተወዋል አለች ለራሷ፣ ግን ሰው ሲደነግጥ ቢያንስ ያወራል፣ ወይም ያለቅሳል፣ ወይም ሚስቱ ላይ ይጮኻል፤ እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ምሰሶው ሥር ይቀመጥና ጨርቁን ያያል። ማታ ማታም አንድ ነገር ይጠይቃታል።

«አላለቀም?»

መጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቃት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሁለተኛ ጊዜ፣ አንተ አይደለህ ጎትቺው ያልከኝ አለችው፣ እሱም እንዲህ ማለቱን እንደማያስታውስ ሰው አያት። እና ነገሩ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ምግብ አይበላም፤ ሩዙን በጣቱ ወዲያ ወዲህ ያደርገውና በቀርከሃው ክፍተት እየጣለ ጠገብኩ ይላል። ጠዋት ወርዳ ስታይ ከእሱ መቀመጫ ሥር የወደቀው ሩዝ እንዳለ ነጭ ሆኖ ተቆልሏል፣ ድንጋይ ቢሰጧቸው የሚቆረጥሙት አሳማዎች ደግሞ ከወዲያኛው ማዕዘን ተጠጋግተው ድምፃቸውን አጥፍተዋል። ደግማ ደጋግማ በዱላ ወደ ሩዙ ብትነዳቸው አልሄድ አሏት፣ በንዴት ዱላውን ወርውራ ወጣች። ቤት ስትገባ ደግሞ ካፕታንጋ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። መቼ መጣ? በየቀኑ እንዲህ ያስደነግጣታል፤ ዞር ስትል እሱ እዚያ ነው፣ ሲመጣ ምንም አይሰማም።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የጨርቁን ነገር ነው። ፑዋንዱም ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይሸመንና መሀሉ ላይ ይሰፋል፤ የመጀመሪያው ቁራጭ ከአደጋው በፊት አልቆ ነበር፣ የቀራት ሁለተኛው ነው። ታዲያ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ስትመጣ፣ ከሠራችው ላይ አንድ ክንድ ያህሉ ተተርትሮ ታገኘዋለች። ክሩ አይበጠስም፣ አይጠላለፍም፤ ድሩም ምንም አይሆንም። ማጉ ብቻ በጥንቃቄ ወጥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ጥቁር እንቁላል መቀመጫዋ ላይ ይጠብቃታል። ጥርሷን ነክሳ እንደገና ትሸምናለች። ማጉን አጥብቃ የምትመታበት ሰይፍ የመሰለው እንጨት እጇን እስኪልጠው ትመታለች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ክሩ በርጥበት ያብጣል፣ ወገቧ ይቆረጣል፤ ከዚያ ለአንድ ባልዲ ውኃ ብላ ቀበቶውን ፈትታ ትወጣለች፣ ስትመለስ ያው ጥቁር እንቁላል። አንድ ቀን እዚያው ቆማ ክሩን እንደያዘች አለቀሰች። ልቅሶው የኀዘን አልነበረም፤ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ሲሆንባት የመጣ የንዴት ልቅሶ ነው።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከመችም። ክሩ በሁለት ጣት ላይ እየተጠላለፈ ነው የተጠቀለለው፣ በዚያ መንደር እንዲህ የሚጠቀልሉት አሮጊቶቹ ብቻ ናቸው። ፒ ዳሪን ምድጃው ላይ እንጨት ሲጨምሩ አገኘቻቸው።

«ፒ ዳሪ፣ ጨርቄን የሚተረትሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ።

ይክዳሉ ብላ ነበር የጠበቀችው፣ ለክህደቱም መልስ አዘጋጅታ ነበር። አሁን ሆዷ ውስጥ የከረመውን ሁሉ ዘረገፈችው። ጨርቅ የላትም እያሉ በሰው ፊት አንገቷን ያስደፉት እሳቸው መሆናቸውን፣ አሁን ልትጨርስ ስትል መቀመጫ ያሳጧት እሳቸው መሆናቸውን፣ ልጃቸውን በእጃቸው ነክተውት እንኳ እንደማያውቁ ነገረቻቸው። ቀን ቀን ሻይ በፌርሙስ ይዘው ወደ ናዳው እየወረዱ ከሚቆፍሩት ሰዎች ጋር መዋላቸውንም አነሳችባቸው፤ ልጃቸው ቤት ተቀምጦ እዚያ የሚጠብቁት ማንን ነው?

ፒ ዳሪ እሳቱን እያዩ ሰሟት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለልጄ ሌላ ጨርቅ የለም» አሉ። «ካለቀ ያ ቤት የተቀመጠው ይወስደዋል፤ ልጄን ሲያገኙት ምን ላልብሰው?»

«ልጅዎ እኮ እዚህ ነው ያለው።»

ካፕታንጋ በዚያው ሰዓት ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ፣ በመሀላቸው አልፎ፣ ወደ ምሰሶው ሄዶ ተቀመጠ። ፒ ዳሪ በዓይናቸው ሳይሆን በጆሮአቸው ተከተሉት።

«ወለሉን ስሚው» አሏት።

ዛይረሚ አልሰማችም፤ ወይም የሰማችው የዝናቡን ድምፅ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት የተረዳችው አማቷ በኀዘኑ ድንጋጤ አእምሯቸው እንደተነካ ነው፣ ትንሽም አዘነችላቸው፣ ግን ማዘኗ ንዴቷን አላበረደውም። ልጃቸው ሞተ ብለው ያለቀሱት ልቅሶ አልወጣላቸው ብሎ፣ ባሏን በቁሙ ሊቀብሩባት ነው። ጨርቁ አልቆ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ይተዉኛል ብላ ወሰነች። የሚተረትሩት እሷ ስትነሣ ነው፤ እንግዲያው አትነሣም።

በማግስቱ ፒ ዳሪ ፌርሙሳቸውን ይዘው ሲወርዱ ጠብቃ፣ ውኃውንም እንጨቱንም አስቀድማ አዘጋጅታ፣ ቀበቶውን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን ስለሞላው ቀኑ ቀን አይመስልም ነበር፤ ከእጇ አልፎ ያለው ድር ወደ ግራጫ ነገር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ምሰሶውም ካፕታንጋም እዚያ ወዲያ ናቸው። አይታዩአትም፣ ግን መኖሩን ታውቃለች። ሽታው አለ። እና ደግሞ እጁን ድሩ ላይ ሳያሳርፍ አልቀረም፤ እሷ ወደ ኋላ ለጠጥ ባለች ቁጥር ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ነገር በእርጋታ ወደ ራሱ ይስባታል፣ ትንሽ ይይዛትና ይለቃታል። ክሩ ከዚያ በኩል እየረጠበ ወደ እሷ መጣ። ተው፣ ድሩን አታበላሽብኝ አለችው። መሳቡ ቆመ፣ ጥቂት ቆይቶም እንደገና ጀመረ። ዛይረሚ ግን ቸኩላለች፤ መጨረሻው ቅርብ ነው፣ ወገቤ ካሁን አሁን ተቆረጠ እያለች፣ ማጉን እየወረወረች፣ እየመታች፣ ዓመት ሙሉ የሰማቻትን «ብቻ» በእያንዳንዱ ምት እየደበደበች ሸመነች።

ከሰዓት በኋላ አለቀ። ቁራጩን ከድሩ ላይ ቆርጣ ከመጀመሪያው ጋር ስትሰፋው ካፕታንጋ መጥቶ በጣም ቀረብ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ መርፌው በገባ በወጣ ቁጥር ዓይኑ አብሮት ይሄዳል። የመጨረሻውን ክር በጥርሷ ስትበጥሰው ሳትጠይቀው ወለሉ ላይ ተንጋለለ፣ እግሮቹን ገጠመ፣ እጆቹን ጎንና ጎኑ አደረገ።

«ልክ መሆኑን እይው» አላት።

ደስ አላላትም። ይህ ጨርቅ እንዲህ የሚለካ ነገር አይደለም፤ እናቷ ብታይ በጥፊ ትላት ነበር። ግን ከናዳው ወዲህ ባሏ የሆነ ነገር ፈልጎ ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነው፣ እሷም ሥራዋ ልክ መሆኑን የሚነግራት ሰው ከፈለገች ቆይታለች። ከእግሩ ጀምራ አለበሰችው። እስከ ደረቱ ስታደርስ፣ ላይም አላት። እስከ አገጩ ሳበችው። ፊቴንም አላት፣ ቀስ ብሎ፤ ዓይኖቹ አንዴ እንኳ እንዳልተከደኑ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይሁን ከዚያ በፊት ጀምሮ፣ አሁን ገና አስተዋለች። የምታየውን ላለማየት ብላ ይመስላል ጨርቁን ቶሎ ፊቱ ላይ የጣለችው።

ልክ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይተርፍ ሳይጎድል። ዝናቡ ድንገት አቆመና ቤቱ ዝም አለ፣ በዝምታው ውስጥም ጨርቁ፣ እዚያ ደረቱ ባለበት ቦታ፣ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ፤ እንደገና ከፍ አለ። ዛይረሚ አፏን ይዛ አየችው። ትንፋሽ ነው። ከታች አንዷ አሳማ ጮኸች።

ካፕታንጋ ጨርቁን ከፊቱ ገልጦ ተነሥቶ ተቀመጠ። ጉንጩ ቀልቷል። ግንባሩን ስትነካው ላብ ነበረው፣ ይሞቃል፣ የሞቀ የሰው ግንባር ነው፤ ሽታውም ጠፍቶ የራሱ የካፕታንጋ ሽታ፣ ያ የትምባሆና የፀሐይ ሽታ ተመልሶ ነበር። ራበኝ አላት። ዛይረሚ እንባዋ ሳይታወቃት ወረደ። ሮጣ ሩዙን አቀረበች፣ ሲበላ አየችው፣ ጎርሶ ሳይጨርስ ሲጎርስ፣ እህሉ ሲወርድ አንገቱ ሲንቀሳቀስ። ተነሥቶ ውኃ ሊጠጣ ሲሄድ ወለሉ በእግሩ ሥር ሲር አለ፣ ሲር ሲር አለ፣ እንደ ድሮው። ለካ ይህ ድምፅ ነበር የናፈቃት። ፒ ዳሪ ይምጡና ይስሙት አለች በልቧ፤ ይምጡና ይስሙት።

ከደጅ የብዙ ሰው እግር ድምፅ መጣ። ወጥታ ስታይ ፑ ሳንጋ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የናዳውን ቁፋሮ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፣ ፊቷን ማየት አልፈለጉም።

«ካፕታንጋ ቤት ነው?» አሏት።

እየበላ ነው አለቻቸው፣ ድምፅዋ ከደስታ የተነሣ እየተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። የጠፉትን ሁሉ ዛሬ እንዳገኟቸው፣ ነገር ግን ከጠፉት ሰዎች ቁጥር አንድ አስከሬን እንደበለጠ፣ ይህ እንዴት እንደሚሆን እንዳልገባቸው ቃላት እየፈለጉ ነገሯት። ከኋላቸው የመንደሩ ወጣቶች ቆመዋል፤ ከቀርከሃ የተሠራ ቃሬዛ ተሸክመዋል፣ ቃሬዛው ላይ ያለው ነገር የሚለብሰው ስላልነበረ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኗል፣ ከቅጠሉ ሥር ቀይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ከቃሬዛው ጎን ፒ ዳሪ ነበሩ። አያለቅሱም። በእጃቸው ጭቃ የጠጣ የትከሻ ቦርሳ ይዘዋል፣ ጥለቱን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉት ነበር፤ ጭቃው ሲለቅ ቀዩ ታየ፣ በቀዩም መሀል ያ የተሰበረው ነጭ መስመር።

«ጨርቁን አምጪ፣ ልጄ» አሉ ፒ ዳሪ። ልጄ ብለዋት አያውቁም ነበር።

ዛይረሚ ወደ ቤት ተመለሰች። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ፑዋንዱሙን ትከሻው ላይ ደርቦ ሳህኑ ፊት ተቀምጧል፤ የመጣውን ሰው ድምፅ ሰምቷል፣ ማንን እንደያዙም አልጠየቀም። ቀና ብሎ በካፕታንጋ ዓይን አያት፣ በካፕታንጋ ፈገግታም ፈገግ አለላት፣ የጨርቁንም ጫፍ ወደ ደረቱ ሰብሰብ አደረገ።

«ይኼ የእኔ ነው» አላት፣ ሩዙን ረጋ ብሎ እያኘከ፤ «ለእሱ ሌላ ትሸምኚለታለሽ።»